ጎማው ያልወረደ አውሮፕላን

እኔ ቁጭ ማለት የማልችል ሰው ነኝ። እናቴ «መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ቤት ተከራይቼ ዓመት ከሞላኝ ግድግዳው ይጠበኛል፤ ዕቃዬን ጠቅልዬ ሌላ ሰፈር እፈልጋለሁ። ሰው ቤት ስሄድ የቀረበልኝን ሳልጨርስ ሰዓቴን አያለሁ። ለቅሶ ቤትማ ተዉት! በሩ አጠገብ ያለ ወንበር ላይ ግማሽ ጎኔን ጣል አድርጌ፣ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብዬ ውልቅ ነው።

ልቤን የሚያሰክኑልኝ ሁለት ነገሮች ብቻ ነበሩ። አንዱ ሥራዬ ነው፤ ቤቴል ውስጥ ባለች ትንሽ ላብራቶሪ ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራለሁ። ሁለተኛው ሰው ሲሰማ የሚስቅበት ነው። የድሮ ተዋጊ አውሮፕላኖች ትንንሽ አምሳያ እገጣጥማለሁ። ቁርጥራጩ በካርቶን ታሽጎ ከውጭ ይመጣል፤ የበረራ አስተናጋጅ የሆነች ደንበኛችን ታመጣልኛለች። ማጣበቁ፣ ማለስለሱ፣ ቀለም መቀባቱ የኔ ነው። ከአፍንጫው እስከ ጭራው ከክንዴ አይበልጥም። «ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት በአሻንጉሊት ትጫወታለች» ይሉኛል። ይበሉ። ሁሉንም የምሠራቸው ሲበሩ ነው፤ ጎማቸውን ሆዳቸው ውስጥ ከትቼ፣ አፍንጫቸውን ወደ ላይ ቀስሬ፣ ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ላይ አቆማቸዋለሁ። መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላን ሳይ ትንፋሼ ይታፈናል።

ይህን የምነግራችሁ ነገር የደረሰብኝ ቀራንዮ፣ እትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ በነበረ ጊዜ ነው። እትዬ አስካለ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ያሰቡትን ፊት ለፊት ይናገራሉ፣ ኪራይ በቀጠሮው ቀን ይቀበላሉ፣ ከዚያ ወዲያ አንጀታቸው ቅቤ ነው። ባላቸው ሻምበል ይልማ የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ነበሩ። በምሥራቁ ጦርነት ጊዜ አንድ ጠዋት ተነሥተው በረሩ፤ በዚያው ቀሩ። አውሮፕላኑም አልተገኘ፣ ሬሳቸውም አልተገኘ፣ ተማርከው አየሁ የሚልም ሰው አልመጣ። እትዬ አስካለ ያን ጊዜ እርጉዝ ነበሩ።

ታዲያ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥቁር አልለበሱም። ሌላ ባልም አላገቡ። ሞቷል ለሚላቸው ሰው መልሳቸው አንድ ነው፤ «ሬሳውን ያየ አለ? የለም። እንግዲያ አፋችሁን ዝጉ!» ሁለት ጊዜ ዘመድ ተሰብስቦ ለሻምበል ለቅሶ ድንኳን አስተክሎ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ እትዬ የድንኳኑን ገመድ በሽንኩርት ቢላዋ ቆራርጠው ጣሉት። ይህን ቀራንዮ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም።

ያኔ በሆዳቸው የነበረው ልጅ ዳኛቸው ነው። ዛሬ ዕድሜው ወደ ሃምሳ ተጠግቷል፤ ግን «ጋሼ ካልሽኝ አረጀሁ» ስለሚለኝ ዳኜ ነው የምለው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በሬን አንኳኳ። ፊቱ ልክ አልነበረም።

«ሜሪ፣ እማዬ እሺ አለች» አለኝ።

«ምኑን?»

«ለቅሶውን። ሐኪሙ ልብሽ ደክሟል ብሏት መጣች። ቤት ገብታ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ‹እኔ ከሞትኩ ማን ያለቅስለታል?› አለችኝ።»

«ተመስገን ነው እንጂ! ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

ቁጭ አለና በሁለት እጁ ፊቱን አሸት አሸት አደረገ። በአገራቸው ደንብ ሬሳው ላልተገኘ ሰው ልብሱንና ጠመንጃውን ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተው ነው የሚያለቅሱለት። እትዬ ግን ልብሱን አልቀበልም ብለዋል። «‹ልብስማ አጥቤ የማሰጣው ነው፤ ፈረሱን አምጡልኝ› አለች። ፈረሱ የምትለው አውሮፕላኑን ነው። ካንቺ ሌላ ማንን ልለምን?»

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣልኝ ደስታ ነው። ሥራዬን እንደ ጨዋታ ያልቆጠረ ሰው አግኝቼ አላውቅማ!

«ስሚ» አለኝ ቀስ ብሎ። «እኔ አባቴ ሞቷል ብዬ አላውቅም። አባቴ አለ ብዬም አላውቅም። ሚስት ልጠይቅ ሽማግሌ ስልክ፣ ‹አባትየውስ?› ሲሏቸው ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አሁንም ያው ላጤ ነኝ። እማዬ በዚህ ጊዜ ካላለቀሰች አታለቅስም። እኔም በዚሁ መቅረቴ ነው።»

ሻምበል ያበሩት የነበረው ኤፍ-5 የሚባለውን ነበር። ካርቶኑ መጣና ሥራ ጀመርኩ። ላዩን በሦስት ቀለም ቀባሁት፤ አሸዋማ፣ ቡናማና አረንጓዴ፣ እየተቀላቀለ እንደ በረሃና ቁጥቋጦ። ቀለም ከቀለም እንዳይነካካ እየለጠፍኩ፣ እየነቀልኩ፣ እንደገና እየለጠፍኩ። በካርቶኑ ውስጥ የእኛ አገር ምልክት ስላልነበረ ባንዲራውን በጥርስ መቀቢያ ብሩሼ በእጄ ሣልኩት። እትዬ አስካለ አንድ ቀን በሬ ላይ ቆመው፣ ሥራውን ላለማየት ፊታቸውን አዙረው፣ «ሆዱን አሳምሪልኝ» አሉኝ።

«ሆዱን እትዬ?»

«እኔ የማውቀው ሆዱን ነው። በቤታችን ላይ ሲያልፍ ከታች ሆኜ የማየው ሆዱን ነበር።»

ከዚያ በኋላ ለሆዱማ ሞትኩለት! የጎማዎቹን መዝጊያ በሙጫ ደፈንኩት፣ ስንጥቁን ሞላሁት፣ ስስ በሆነው የብርጭቆ ወረቀት እየደጋገምኩ ፈገፈግኩት። የሰማይ ግራጫ ቀባሁት። በጣት ቢዳሰስ መጋጠሚያው አይታወቅም። የተረፉትን ትርፍራፊዎች፣ ጎማና እግሩን ጭምር፣ ቆሻሻ ጣልኩ። ምን ያደርግልኛል?

እሑድ ደረሰ። ድንኳኑ ግቢው ውስጥ ተተክሏል። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልዴ ወንበር ያስደረድራሉ፣ ይቆጣሉ፣ ይቆጥራሉ። ከጎጃም የመጡት የሻምበል ዘመዶች በማግስቱ ተመላሽ ናቸው፤ ገሚሶቹ ቅዳሴ ሄደዋል፣ ገሚሶቹ አጥር ሥር ተቀምጠው ይንሾካሾካሉ። እትዬ አስካለ እልፍኛቸው ውስጥ አልጋ ላይ ነጭ ነጠላ ዘርግተው፣ ጥቁር ቀሚስ ጉልበታቸው ላይ አጥፈው ይጠብቁኛል። ቀሚሱን ገና አልለበሱትም። እኔ አውሮፕላኑን በዘንጉ ላይ እንደተሰቀለ ይዤ ገባሁ። ኩራቴን ብታዩ!

አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። ዞር ዞር ብለው አዩት። ጎንበስ ብለው ሆዱን አዩት። ፈገግ ያሉ መስሎኝ ነበር።

«እግሩስ?» አሉ።

«ጎማውን ነው እትዬ? ሲበር ወደ ውስጥ ይገባል እኮ።»

«እንግዲያ እየበረ ነዋ።»

«አዎ፣ እየበረ ነው» አልኩ። አሁንም እየኮራሁ!

ቀና አሉ። «አንች ልጅ፣ እየበረ ላለ ሰው ነው አልቅሽ የምትይኝ? እየበረ እንደሆነማ ሳውቀው አይደለም የኖርኩ? እየበረ ነው፣ ይመጣል፣ እያልኩ አይደለም ጠጉሬ የነጣ? እኔ መሬት ረግጦ፣ ጎማው ወርዶ፣ ደጄ ቆሞ ካላየሁት እንባ የለኝም።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ዳኛቸው፣ ለጋሽ ወልዴ ንገራቸው። ድንኳኑን ያንሱት።»

ዳኜ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና መሬት ላይ ቁጭ አለ። ያን ትልቅ ሰውዬ እንደዚያ ሆኖ ሳየው አፌ ከእኔ ቀደመ።

«አወርደዋለሁ!»

«መቼ?» አሉ እትዬ።

«አሁን! እንግዶቹ ምሳ በልተው ሳይነሡ።»

ሰማዩን አላዩ፣ ሰዓት አላዩ፣ እኔን ብቻ አዩኝ። «ምሳው እስኪነሣ ድረስ እጠብቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ገመዱን እቆርጣለሁ» አሉ። ይቆርጡታል ደግሞ! ሁለቴ ቆርጠዋል።

አውሮፕላኑን ከዘንጉ ነቅዬ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከትቼ ሮጥኩ። የሚያስፈልገኝ መሣሪያ ሁሉ ያለው ላብራቶሪው ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ እኔ ጋ። ባጃጅ ይዤ ቤቴል ደረስኩ፣ ከፈትኩ፣ ማብሪያውን ተጫንኩ። መብራት የለም። ሌላውን ተጫንኩ። የለም! ጥርስ የምንቦረቡርበት መሣሪያ ያለ መብራት ምን ያደርጋል? ጮኼ ተሳደብኩ፤ ማንን እንደሰደብኩ እኔም አላውቅም።

የአልኮል ኩራዝ ነበረች፤ ሰም የምናቀልጥባት። ለኮስኳት። የሰም ቢላዋውን እሷ ላይ አግዬ፣ ያን የተፈገፈገ፣ ያን ሕፃን ጉንጭ ያስመሰልኩትን ሆድ ወጋሁት። የቀለጠ ፕላስቲክ ሽታ ጉሮሮዬን ያዘኝ። ሦስት ቀዳዳ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከአፍንጫው ሥር፣ ሁለቱ ከክንፎቹ ሥር። ቀለሙ ተላጠ፣ ጠርዙ ተንጨፋረረ። የራሴን ሥራ በገዛ እጄ ሳበላሽ ልቤ «ቶሎ በይ፣ ቶሎ በይ» ይለኛል።

እግሮቹን ጥርስ ማቀፊያ ከምንሠራበት ሽቦ ቆርጬ አጠፍኩ። ጎማ ከየት ይምጣ? ድድ የምንሠራበትን ሮዝ ዱቄት ከፈሳሹ ጋር አቡክቼ፣ አድቦልቡዬ፣ ጠፍጠፍ አድርጌ ሽቦዎቹ ጫፍ ላይ ተከልኩ። አውሮፕላኑን በጀርባው አስተኝቼ እግሮቹን በየቀዳዳው አስገባሁና በዚያው ድድ ዙሪያውን ደፈንኩት።

ስልኬ ጮኸ። ዳኜ ነው።

«የት ደረስሽ?»

«እየሠራሁ ነው! እንግዶቹስ?»

«ምሳ ቀርቧል። ጋሽ ወልዴ በወሬ እያዘገዩዋቸው ነው።»

«እትዬስ?»

«ቢላዋ ይዛ በሩ ላይ ቁጭ ብላለች።»

ዘጋሁት። አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድዱ እስኪደርቅ መጠበቅ። ይህ ነገር ደግሞ አይቸኩልም። ብታሞቁት አረፋ ያወጣል፣ ብትነካኩት ይጣመማል። የሠራው ሁሉ ያውቀዋል፤ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው። ተነሣሁ። መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ተመለስኩ። ነካ አደረግኩት፤ እንደ ማስቲካ ነው። እንደገና ተነሣሁ። በሩን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ከዚያ ወንበሩን ስቤ ቁጭ አልኩ።

እዚያ ተቀምጬ እትዬ አስካለን አሰብኳቸው። እኔ ትንሽ የድድ ዱቄት እስኪደርቅ መጠበቅ አቅቶኝ ግድግዳ እጋጫለሁ። እሳቸው ሆዳቸው ገፍቶ ጠበቁ፣ ወልደው ጠበቁ፣ ልጃቸው ሸብቶ አሁንም ይጠብቃሉ። የእኔ አውሮፕላን ደግሞ መጥቶ፣ «አሁንም ጠብቂ» ነው ያላቸው። አፈርኩ። ፈራሁም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ሳልነካካው፣ እስኪደርቅ ድረስ ተቀመጥኩ።

ደረቀ። ጥቁር ቀለሜ ቤት ቀርቷል፤ ጎማዎቹን በማርከር አጠቆርኳቸው። አንደኛው ላይ ሮዙ ብቅ ብሎ ይታያል። ጠረጴዛው ላይ ሳቆመው ግራ እግሩ አጥሮ ዘመም አለ። ሽቦውን ልስበው? ቢነቀልስ? ተውኩት።

በባጃጅ ተመለስኩ። መንገዱ ተቆፍሯል። ሹፌሩ ደግሞ ሰው የሚያሳድደው ይመስል ጉድጓድ አይመርጥም። አንዴ ስንዘል ካርቶኑ ውስጥ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ከፈትኩት፤ ከአፍንጫው ጫፍ እንደ መርፌ የሚወጣው ቀጭን ቱቦ ከሥሩ ተሰብሯል።

«ኧረ ቀስ በል፣ ሰበርክብኝ!»

«ይቅርታ እህቴ። ምንድነው የያዝሽው?»

«የሰው ባል ነው! ቀስ ብለህ ንዳ!»

ዞር ብሎ አየኝና ከዚያ በኋላ እንደ ቀንድ አውጣ ነዳ። እሱም ሌላ ጣጣ።

ግቢው ስደርስ ሳህን ይሰበሰባል። እትዬ አስካለ ዳኜ እንዳለው በሩ ላይ፣ ቢላዋው ጭናቸው ላይ ነው። ተነሥተው ተከተሉኝ፤ ዳኜም ገባ። ጋሽ ወልዴ ኮፍያቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ። ካርቶኑን ከፍቼ አውሮፕላኑን ነጠላው ላይ አቆምኩት። በሦስት እግሩ ቆመ፤ ዘመም አለ እንጂ አልወደቀም።

«ያነክሳል» አሉ እትዬ።

«ቸኩዬ ነው እትዬ። አንዱ እግር አጠረብኝ። ላስተካክለው እች...»

«ተይው። ደክሞት ነው።» እጃቸውን ሰደዱ። በጣታቸው የተሰበረውን አፍንጫ ነኩ። «እዚህ ምን ሆነ?»

«መንገድ ላይ ተሰበረ።»

«ይሰበራል እንጂ! ያን ሁሉ መንገድ» አሉ። ጎንበስ ብለው የተቦደሰውን፣ የተላጠውን ሆድ አዩ። ያን ሲያዩ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። እሳቸው ግን መዳፋቸውን የአውሮፕላኑ ጀርባ ላይ፣ ከብት እንደሚዳብስ ሰው ለጥ አድርገው አሳለፉበት። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው፣ አጠገባቸው ለቆምነው ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ይልማ፣ ቆየህብኝ እኮ» አሉ።

ቢላዋውን ለዳኜ ሰጡት። ጥቁሩን ቀሚስ በላይ በላዩ ለበሱት። አውሮፕላኑን ከነነጠላው ታቅፈው ወደ ድንኳኑ ወጡና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ድምፃቸውን ለቀቁት፤

«ፈረስህ ከደጄ ቆመልኝ ዛሬማ፣
ወዴት ጣልከው ብዬ ልጠይቀው ይልማ?»

የጎጃም ሴቶች ተነሥተው ተቀበሏቸው። ደረት መምታት፣ ጩኸት፣ ግቢው ተናወጠ። ዳኜ ግን ቢላዋውን እንደያዘ በሩ ላይ ደርቆ ቆሞ ነበር። ጋሽ ወልዴ ቢላዋውን ከእጁ ወስደው፣ «አልቅስ እንጂ ልጄ፣ አባትህ እኮ ነው» አሉት። አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣም። እንደገና ከፈተ።

«አባዬ!»

ይህን ቃል በሕይወቱ ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። እንደ ሕፃን፣ በቀጭን ድምፅ ነው የወጣው። «አባዬ! አባዬ!» እያለ እናቱ እግር ሥር ወደቀ። እኔም ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ የእናቴ ቀብር ላይ እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም።

ሠልስት እስኪወጣ ድረስ ከዚያ ድንኳን አልወጣሁም። እኔ! በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር አልፌ መሃል ገብቼ ተቀመጥኩ። የመጣው ሰው ሁሉ አውሮፕላኑን ያያል፤ አንዳንዱ «እንዴት ያለ ጥበብ ነው» ሲለኝ፣ እኔ የማየው የተቦደሰውን ሆዱንና ሮዝ ጎማውን ነው። ከሠራኋቸው ሁሉ በጣም አስቀያሚው ነበር። እናንተ ሰው ለምን ለቅሶ ላይ ዝም ብሎ ቁጭ ይላል ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰው ሥራ ስላጣ ይመስለኝ ነበር። ለካ አብሮ መጠበቅ ነው። ድርቅ እስኪል፣ ሳይነካኩት።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ወሬ ግን እግር አለው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ከዘነበወርቅ ላብራቶሪው ድረስ መጡ። በዕድሜ እናቴን ያክላሉ። ጥርስ ሊያሠሩ መስሎኝ ወንበር ሳብኩላቸው። አልተቀመጡም።

«የሻምበሉን አውሮፕላን የሠራሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ እማማ።»

«የኔ ልጅ በባሕር ነው የሄደው። በሊቢያ በኩል። ከመሳፈሩ በፊት ደውሎልኝ ነበር።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና መልሰው አወረዱት። «ጀልባ ትሠሪያለሽ? ዳር የደረሰች አድርገሽ።»

ጀልባ ሠርቼ አላውቅም። እምቢ ማለት ግን ከየት ይምጣ? ብዕር አነሣሁና፣ «ቀለሟ ምን ዓይነት ነበር?» አልኳቸው።

«እኔ ምኑን አይቼ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ይኸው ጀልባዋ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። አልቃለች፤ ቀለም ብቻ ነው የቀራት። ሦስት ቀን ሙሉ ብሩሽ አነሣለሁ፣ አስቀምጣለሁ። እስኪ እናንተ ንገሩኝ፣ ምን ዓይነት ቀለም ልቀባት?